የዬቤፎሮ ታኮ

ታኮው መስታወት ሣጥን ውስጥ የገባ ዕለት የክፍላችን ልጅ ዱፊዬ ምሳዋን አልበላችም። ኬንኬው፣ የበቆሎው ሙልሙል፣ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ፣ የተጠበሰው ዓሣም እንዳለ ቀረ። እሷን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከለቅሶ ይብሳል።

ታኮ ስል ያው ሁላችሁም የምታውቁትን ነው፤ የጭነት መኪና ዳገት ሲያቅተው ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር የሚከተው እንጨት። የእኛው ግን ዝም ብሎ እንጨት አልነበረም። የአሱክሮም ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገና ሁለት የቆርቆሮ መጠለያ በነበረበት ዘመን ኦዱም ከሚባል ቀላ ያለ ጠንካራ ዛፍ ግንድ የተጠረበ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረቀ የመኪና ክፍል ሁሉ ዓመቱን በጋለ ብረት አትሞበታል። ጫፉ በጎማ ተበልቶ፣ ሆዱ በዘይት ጠቁሮ፣ ሲታቀፉት እንደ ሕፃን ይከብዳል።

ታሪኩን እያንዳንዱ ክፍል በሚመቸው መንገድ ያወራዋል። የእኛ የመኪና ክፍል ልጆች እንዲህ ነው። ኮረብታው አናት ላይ የመጀመሪያው ወርክሾፕ ሊሠራ ሲታሰብ የከተማው ሾፌሮች በዝናብ ወራት ያንን ዳገት አንወጣም አሉ። ተማሪዎቹ ወታደር የጣለውን አንድ ቤድፎርድ የጭነት መኪና አንስተው ሞተሩን ፈተው ገጠሙ፣ የእንጨት ስፖንዳ ሠሩለት፣ ግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም «ዬቤፎሮ» ብለው ጻፉበት፤ እንወጣዋለን ማለት ነው። ጣውላውንም ቆርቆሮውንም ጭነው ተነሡ። ጉሮሮ በምንለው ኩርባ ላይ፣ መንገዱ በአለቱና በቦዩ መካከል በሚጠብበት፣ ሞተሩ ጠፋ። አንዱ ዘሎ ወርዶ ታኮ አስገባ። ዬቤፎሮ ቆመች፣ እንደገና ተነሣች፣ ወጣች።

ሲቪሎቹ፣ የግንባታ ክፍል ልጆች ማለቴ ነው፣ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። «መንገዱን ማን ሠራው? እናንተ እኮ የወጣችሁት በእኛ ጀርባ ላይ ነው» ይላሉ። ኤሌክትሪኮቹ ግን ምንም አይሉም። ያኔ መብራት ስላልነበረ ታሪክ የላቸውም።

ሙያ ትምህርት ቤቱ ፖሊቴክኒክ ሆነ፤ ፖሊቴክኒኩ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ በተቀየረ ቁጥር ዬቤፎሮ እዚያው ነበረች። በየዓመቱ በምሥረታው በዓል ተመራቂው የመኪና ክፍል አዲስ ገቢዎቹን ጭኖ ከታችኛው በር እስከ አሮጌው ወርክሾፕ ይወጣል። ማንም አይወርድም፤ ማንም አይገፋም። የወጣ ክፍል ዓመቱን ታኮው ላይ ያትማል፣ ያልወጣ አያትምም። ሳያትም የቀረ ክፍል ደግሞ እስከዚያ ዓመት ድረስ አልነበረም።

ትልቁ ክብር የሾፌሩ አይደለም። ሾፌሩ ወደ ፊት ስለሚያይ የሚያስፈራውን ነገር አያየውም። ረዳቱ ግን ኋላ ስፖንዳው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ታኮውን ታቅፎ፣ ቁልቁል ገደሉን እያየ ነው ጉሮሮን የሚጠብቀው። የእኛ ክፍል ረዳት ዱፊዬ ነበረች። የመረጥናትም እንዲሁ አይደለም። አዲስ ገቢ ሳለን፣ ጉሮሮ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር፣ እኔን ጨምሮ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ዓይኔን ስገልጥ ዱፊዬ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ አንገቷን በስፖንዳው ላይ አውጥታ፣ እንጨቱ አስፋልቱን እንዴት እንደሚነክስ ታይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ረዳት ያሰበ ሰው የለም።

ፕሮፌሰር ንሶዋ ዩኒቨርሲቲውን ሊመሩ ከውጭ አገር የመጡት እኛ በምንመረቅበት ዓመት ነው። ኢዮቤልዩው ደርሷል፤ ሚኒስትርም የባህል አለቆችም ይመጣሉ። ክፍላችንን ሰብስበው በጨዋ አነጋገር ነገሩን። ዬቤፎሮ በአስተዳደሩ ሕንፃ ፊት ለፊት የኮንክሪት መቆሚያ ይሠራላታል፤ ጎማዎቿ በብሎን ይታሠራሉ፤ ታኮውም በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፣ እንዲያውም ጠዋት ገብቷል።

«ቅርስ ይጠበቃል እንጂ ዳገት አይወጣም» አሉ።

«ፕሮፌሰር» አለ ሾፌራችን ኦቢሪ፣ «እሷ እኮ ገና አልሞተችም።»

«ማን ናት እሷ?»

«ዬቤፎሮ።»

«እኔ የማወራው ስለ መኪና ነው።»

«እኔም እኮ።»

ልጆች ሳቁ። ፕሮፌሰሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። «በበዓሉ ዕለት መኪናውን ከጋራዡ አውጥታችሁ፣ ሜዳውን አቋርጣችሁ፣ መቆሚያው ላይ ታወጡታላችሁ። የመጨረሻው ጉዞ ይሁንላችሁ። ከዚያ ውጪ አንዲት ጎማ ዳገቱን ብትነካ፣ የነዳውም የረዳውም ዲግሪውን ይርሳ።»

ይህን ሲሉ ዱፊዬን አላዩዋትም፤ ረዳቷ ማን እንደሆነች አያውቁም ነበር። እኔ ግን አየኋት። እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከአባቷ ፎቶ ጎን፣ አንድ ባዶ ሚስማር አለ። ዱፊዬ እዚህ የገባች ቀን እናቷ በገዛ እጃቸው የመቱት ለዲግሪዋ ነው። ዓሣ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ይሄ ሚስማር ምንድነው?» ካላለ ዓሣው አይመዘንለትም።

መሐንዲስ ካልሆነ በቀር ማንም የማይሠራውን ስህተት የሠራነው ከዚህ በኋላ ነው። ታኮው ተቆልፎበታል፤ እሺ፣ ከእሱ የተሻለ ሠርተን እንወጣለን አልን። ሰማይ የሚያህል ወርክሾፕ አለን። ኦቢሪ የዳገቱን ዝንባሌ ለካ፣ ሌላው የመኪናዋን ክብደት አሰላ፣ ሌላው ማዕዘኑን አወጣ። ጠንካራ ብረት መርጠን ቆረጥን፣ ላግን፣ አጠነከርን፣ ወለወልን። ሲያልቅ ፊት ይታይበት ነበር። ኦቢሪ ጥርሱን አየበት።

ዳገቱ ሥር በአንድ ፒክአፕ ሞከርነው። ፒክአፑ ወደ ኋላ ለቀቀ፣ ብረቱ ላይ ወጣ፣ ብረቱም ከነፒክአፑ በአስፋልቱ ላይ ተንሸራቶ የዘበኛውን አግዳሚ ወንበር ሰበረ። ዘበኛው ደግነቱ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ነበር።

የዬቤፎሮን መቆሚያ የሚሠሩት ሲቪሎች ከእኛ ትይዩ ነበሩ። አለቃቸው አንቶባም የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ከአሸዋው ክምር ላይ ቆመ።

«ዘይት ጠጪዎች፣ ምንድነው እሱ? ሳሙና ነው?»

«ሲሚንቶህን ላስ» አለው ኦቢሪ።

«ኧረ እኔስ እልሳለሁ። እናንተ ግን መጀመሪያ አሰላችሁ ወይስ መጀመሪያ ጸለያችሁ?»

ዱፊዬ ለሁለቱም አልመለሰችም። ብረቱን ገልብጣ ሆዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። «አይነክስም» አለች። «በጣም አሳምረነዋል። ጥርስ የለውም።» ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ የአንቶባም መቆሚያ ላይ አረፈ። ለመኪናዋ መውጫ የሚሆነው ተዳፋት ገና ኮንክሪቱ ተፈስሶበት፣ ከሥሩ በጣውላና በወፋፍራም የሞራሌ እንጨት ተደግፎ ነበር። አንደኛው ሞራሌ ቀላ ያለ ነው። ኦዱም።

በማግስቱ ብቻዋን ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ ሄድኩ።

«ያንን ሞራሌ ስጠኝ።»

«የትኛውን? የኮንክሪቴን እግር?» አለ አንቶባም።

«ስትነቅለው እንጂ አሁን አላልኩህም።»

«የምነቅለው በበዓሉ ዋዜማ ነው። ምን ልታደርጊበት? እሱን አውቄዋለሁ፣ ተይው። እኔ ምን አገኛለሁ?»

«ታሪክ ውስጥ ትገባለህ።»

«ታሪክ ውስጥማ አለን። መንገዱን ማን ሠራው?»

ዱፊዬ ሞራሌውን እንደገና አየችው። ይህ ጥያቄ ስንት ዓመት የተጣላንበት፣ ስንት ሰው ልብሱን እንደለበሰ ኩሬ ውስጥ የተጣለበት ነው። የመኪና ክፍል ተማሪ ሆኖ ለዚህ ጥያቄ ሲቪሎቹ የሚፈልጉትን መልስ የሰጠ የለም።

«እሺ» አለች። «እናንተ ናችሁ የሠራችሁት።»

አንቶባም ማንኪያውን አስቀመጠ። «አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል።»

«እኔማ ሰማሁ። እነሱ ግን አልሰሙም።» በአገጩ ሩዝና ባቄላ ቀላቅላ የምትሸጠውን የዋክየ ሻጭ ሰልፍ አሳያት። የምሳ ሰዓት ስለነበር ግማሹ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ቆሟል።

ዱፊዬ የአሸዋው ክምር ላይ ወጣች። ጮክ ብላ፣ ግን እንደ ተራ ወሬ፣ «የዳገቱን መንገድ የሠሩት ሲቪሎች ናቸው፤ እኛ የወጣነው በእነሱ መንገድ ነው» አለች። ሰልፉ ዞሮ አያት። ከዚያ ሲቪሎቹ ሳህናቸውን በማንኪያ መምታት ጀመሩ። የእኛዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ኦቢሪ ጆሮውን ያዘ። ማታ በመኝታ ቤቷ በር ላይ «ለአንድ ግንድ ሸጥሽን» ሲላት «ግንዱ ከክርክሩ የተሻለ ይይዛል» ብላው ልትተኛ ገባች።

ለእናቷም ነገረቻቸው። እናቷ ዓሣ ከጭሱ ላይ እያነሡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት።

«ያ ሰውዬ ከለከለ?»

«አዎ ማሜ።»

«ከወጣሽ አይሰጥሽም?»

«አይሰጠኝም።»

«ሌላ ሰው ረዳት ቢሆንስ?»

«ሌላው ዓይኑን ይጨፍናል።»

ማሜ ዓሣውን ገለበጡ። «ሚስማሩን እኔ መትቼዋለሁ፤ የምትሰቅዪው አንቺ ነሽ። ባትሰቅዪ ግን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ነገር ስጪኝ። እንዲሁ ቀረ ብዬ አላወራም።»

በዋዜማው አንቶባም ሞራሌውን ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ዱፊዬ በመጋዝ ቆረጠችው፣ በመጥረቢያ ጠረበችው፣ ኦቢሪ ሊልገው ሲነሣ እጁን መታችው። ሻካራ እንደሆነ ቀረ። ኤሌክትሪኮቹ ሳይጠየቁ አዲስ ባትሪ ይዘው መጡ። «እኛም እንግባ» አሉ።

በበዓሉ ዕለት ሜዳው በድንኳን ተሞላ። አለቆቹ በትልልቅ ጃንጥላዎቻቸው ሥር፣ ሚኒስትሩ መሐል፣ ማርሽ ባንዱ በቀኝ ተቀመጡ። አዲስ ገቢዎቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው እንዲያጨበጭቡ በሰልፍ ቆመዋል። ዬቤፎሮ ከጋራዡ እየተንቀጠቀጠች ስትወጣ ሰው ሁሉ ተነሣ። ኦቢሪ ጋቢና ውስጥ፣ እኛ ከኋላ፣ ዱፊዬ የኋላውን ስፖንዳ ይዛ፣ አዲሱ ታኮ በጆንያ ተጠቅልሎ እግሯ ሥር።

ተዳፋቱ አጠገብ ስንደርስ ኦቢሪ መኪናዋን አቆመ። ዱፊዬ ስፖንዳውን ሁለት ጊዜ በመዳፏ መታች። አዲስ ገቢዎቹ ይህ «እንነሣ» ማለት እንደሆነ ከትልልቆቹ ሰምተዋል፤ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ልጅ ሮጣ መጥታ ወጣች። ከዚያ ሁሉም ወጡ። አንዱ ዘፈን አነሣ፣ ኦቢሪ ማርሽ አስገባ፣ ዬቤፎሮ መቆሚያዋን በግራ ትታ ወደ ዳገቱ ዞረች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የፕሮግራሙ አካል መስሏቸዋል። ማርሽ ባንዱ እንኳ ጨመረልን።

ታችኛው ዳገት ደህና ነበር። ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ጭሱ እየጠቆረ፣ ቀስ በቀስ ወጣን። የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ከሥራችን ተዘረጋ፤ ወንዙም፣ የማሜ የዓሣ ጭስም ይታያል። እዚያ ላይ ሆኖ ሰው ብዙ ነገር ያስባል። እኔ ያሰብኩት ከእኛ በፊት እዚህ ስፖንዳ ላይ የተደገፉትን ነው፤ ስማቸውን አላውቅም፣ ክርናቸው ግን እንጨቱን አለስልሶታል።

ጉሮሮ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሁልጊዜም ይጠፋል።

አንድ ቅጽበት ዬቤፎሮ ቆመች፤ ከዚያ ክብደቷ ወደ ኋላ ሲመለስ ስፖንዳውን ያዝኩ። ዱፊዬ መሬት ላይ ነበረች። መቼ እንደዘለለች አላየሁም። ታኮው ከጎማው ሥር ገባ፣ ጎማው ወጣበት፣ እንጨቱ ጮኸ፣ አንድ ክንድ ያህል ተጎተተ። ከዚያ ነከሰ። ዘፈኑ ቆመ። የተሰማው የራዲያተሩ ፉጨት ብቻ ነው።

ኦቢሪ ቶሎ ማስነሣት አልቻለም፤ ሞተሩ መብረድ ነበረበት። ፕሮፌሰር ንሶዋ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ካባቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ ሁለት ዘበኛ አስከትለው፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው መጡና ከዬቤፎሮ ጀርባ፣ ዱፊዬ በተንበረከከችበት፣ ቆሙ።

«ስምሽ ማነው?»

«ዱፊዬ ኦዋሬ።»

«ዱፊዬ፣ ስሚኝ። ልጆቹን አውርዱና መኪናውን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች መልሱት። እንግዶቹ የበዓሉ አካል መስሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ነገሩ እዚሁ ይቀራል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚህ አንዲት ስንዝር ወደ ላይ ከሄደ ግን ዲግሪ የለሽም። እኔ እስካለሁ ድረስ የለሽም።»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይህ ነው የባሰው። ዱፊዬ ታኮው ላይ ያለውን እጇን አላነሣችም። ወደ ታች ወደ ከተማው አየች፤ ጭሱን ያየች መሰለኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ወደ ኋላ የሚያወርድ ፍሬን የላትም» አለች። «ኖሯትም አያውቅም። ያላት መንገድ ወደ ላይ ነው።»

«ታዲያ ሳታውቁ ነው ሰው የጫናችሁባት?»

«አውቀን ነው። ለዚህ ነው ታኮ የተሠራላት። እርስዎ መስታወት ውስጥ ቆለፉት።»

«ልጆቹ ይውረዱ አልኩ።»

«ይጠይቋቸው።»

ቀና ብለው አዩን። ነጭ ሸሚዞቹ ሁሉ በጭስ ጠቁረዋል። መጀመሪያ የወጣችው ቀጭኗ ልጅ ስፖንዳውን በሁለት እጇ ጨብጣ «ማንም አይወርድም» አለች። ሕጉን የሰማችው በዚያው ሳምንት ነው።

ፕሮፌሰሩ ወደ ዘበኞቹ ዞሩ። ዘበኞቹ መሬት መሬት አዩ።

«ፕሮፌሰር» አለች ዱፊዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የቆሙበት ቦታ መጥፎ ነው። እንጨቱ ቢለቅ መኪናዋ መጀመሪያ የምታገኘው እርስዎን ነው። ዞር ይበሉ።»

«እኔን ነው?»

«እዚያ ቦታ ፍየል እንኳ አናቆምም። ዞር ይበሉ።»

ጎማውን አዩት፣ እንጨቱን አዩት። ከዚያ ካባቸውን ከፍ አድርገው ወደ ቦዩ ዳር ዞር አሉ። ሁላችንም አየን።

ዱፊዬ ስፖንዳውን ሁለት ጊዜ መታች። የኤሌክትሪኮቹ ባትሪ ሞተሩን አነቃው፤ ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ ጩኸት። ኦቢሪ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቀ። ጎማው ከእንጨቱ ላይ ወደ ፊት ወረደ። ዱፊዬ ታኮውን ታቅፋ ከኋላችን ሮጠች፣ ወረወረችልን፣ እጇን ይዘን ሳብናት። ወጣን።

አናት ላይ፣ በአሮጌው ወርክሾፕ እሳት፣ ብረት አግለን ዓመታችንን አተምን። አዲስ እንጨት ነበርና የእኛ የመጀመሪያው ሆነ። አንቶባም በእግሩ ደርሶ «የሞራሌው ባለቤት ነኝ» ብሎ ከጎኑ የግንበኛ ማንኪያ ምልክት ይደረግልኝ አለ። ተደረገለት።

በምረቃው ቀን የኦቢሪና የዱፊዬ ስም ተዘለለ። አስተዳደሩ የይቅርታ ወረቀት አዘጋጅቶ ኖሯል፤ «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል፤ የፈረመ ዲግሪውን ይቀበላል። ኦቢሪ በክረምቱ ማብቂያ ፈረመ። ሥራ ይዞ ነበርና ማንም አልወቀሰውም፤ እሱም በግራ እጄ ነው የፈረምኩት እያለ ይስቃል። ዱፊዬ ወረቀቱን አንብባ መለሰችላቸው። «የቱ ነው ጥፋቱ?» አለች። «መኪናዋን አልነዳሁም። ወደ ኋላ ስትመጣ ታኮ አስገባሁ። ታኮ ማስገባት ጥፋት ነው ብላችሁ ጻፉና እፈርማለሁ።» ይህን የሚጽፍ ሰው ከአስተዳደሩ ሕንፃ እስካሁን አልተገኘም። አሱክሮም ውስጥ ጎማ ሥር እንጨት መክተት ጥፋት ነው ብሎ ስሙን የሚያስቀምጥ ሰው ገበያ መውጣት አይችልም።

ማሜ ሚስማሩ ላይ ወንፊታቸውን ሰቀሉበት። ሰው ሲጠይቃቸው ዓሣውን እየመዘኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወሩታል፣ ፕሮፌሰሩ ካባቸውን ከፍ ያደረጉበት ቦታ ሲደርሱ ቀሚሳቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

መቆሚያው ባዶውን አለ። «እዚህ ዬቤፎሮ አርፋለች» የሚል የናስ ጽሑፍ አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ፍየሎች በተዳፋቱ ወጥተው ይተኙበታል። ሲቪሎቹ ኮንክሪቱ አንድ ስንጥቅ እንኳ እንደሌለው ለጎብኚ ሁሉ ያሳያሉ።

ዱፊዬ ከታችኛው በር ማዶ ጋራዥ ከፍታለች። ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ የተመራቂው ክፍል ረዳት፣ ትከሻው ሰፊ ልጅ፣ ታኮውን ሊወስድ መጣ። ከመኪና ሥር ወጥታ፣ እጇን በጨርቅ ጠርጋ፣ ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ሰጠችው።

«እህቴ፣ ይከብዳል» አለ።

«ይክበድ። ዓይንህን ትጨፍናለህ?»

«አልጨፍንም።»

«ሌላም አለ። ጉሮሮ ላይ ከኋላህ የሚቆም ሰው አይጠፋም። የፈለገውን ካባ ይልበስ፣ መጀመሪያ ዞር በል በለው። ከዚያ ሥራህን ሥራ።»